ለኅዳር ማርያም የተገጠመ ቱርቦ

መኪናዬ ዳገት አትወድም ነበር። ሜዳ ላይ ጨዋ ናት፣ ቁልቁለት ላይ ፈረስ ናት፤ ዳገት ስታይ ግን እንደ ግትር አህያ ቆም ብላ ታስባለች። ላሊበላ ላይ ደግሞ ዳገት ያልሆነ ነገር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ከተማው በእንግዳ በተሞላበት ጊዜ ከአውሮፕላን ማረፊያው ስወጣ፣ ኩርባው ጋ ስደርስ ተሳፋሪዬን "እዚህ ወርደው ፎቶ ያንሱ፣ ተራራው ያምራል" እለውና ባዶዋን አሳልፌ ላይ ሆኜ እጠብቀዋለሁ። ፎቶውም ያምራል፣ ሞተሩም ያርፋል። በኋላ ጦርነቱ መጣ፣ እንግዳው ቀረ፣ እኔም እሷም ሥራ ፈታን። ደጅ ቆማ ዶሮ ሥሯ እየተኛ ስንት ወር ከረመች።

አባቴ ከከተማው በላይ፣ ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር፣ ድንጋይ እየለቀሙ ሲያርሱ የኖሩ ገበሬ ናቸው። "ነበሩ" ማለት አሁንም አፌ አልለመደም። አንድ ክረምት ትንፋሻቸው ያጥር ጀመር። መጀመሪያ ዳገቱ ነው አልን፤ ቀጥለን ብርዱ ነው አልን። ኋላ ከመደባቸው ተነሥተው በር ድረስ ለመሄድ ግድግዳ ይዘው የሚያርፉ ሆኑ። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳመጠ፣ ራጅ አየ፣ ከዚያ እኔን ወደ ውጭ ጠራኝና "ሳንባቸው ተጎድቷል። ይሄ ከፍታ አይሆናቸውም፤ ቆላ ዘመድ ካላችሁ እዚያ ቢቀመጡ ይሻላል" አለኝ።

ቆላ እህቴ አለች። ከወልድያ በታች፣ በቆቦ መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ አግብታ ትኖራለች። አባቴ ግን ወይ ፍንክች አሉ። የያዛቸው ቤቱ ወይም ከብቱ ቢሆን እናግባባቸው ነበር፤ የያዛቸው ጽዋ ነው። የማርያም ማኅበር አላቸው። በየወሩ በሃያ አንድ ከአንዱ አባል ቤት ይሰበሰባሉ፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል፤ በመጨረሻም ጽዋዋ በነጭ ጨርቅ ተሸፍና ለባለ ተራው ትሰጣለች። የተቀበለ ሰው በሚቀጥለው ወር ማኅበሩን በቤቱ ይጠብቃል። የአባቴ ተራ የሚደርሰው ለኅዳር ማርያም ነበር። ባለፈው ዙር ተራቸው የደረሰው እናቴ በሞተች ሰሞን ስለነበር ለሌላ ሰው አሳልፈውት ነበር፤ ያ ነገር ከሆዳቸው አልወጣም።

"ጽዋ ሁለት ጊዜ ከደጄ አይመለስም" አሉ።

"አባዬ፣ አሁን ይሂዱና ለኅዳር መልሼ አመጣዎታለሁ።"

"በምን?"

"በመኪናዬ።"

ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ብዙ አስቸገራቸው። እንባቸውን እየጠረጉ "እሷም እኮ እንደኔው ናት፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ የላትም" አሉ።

"ማርያምን! አመጣዎታለሁ" ብዬ ማልኩ። ከዚያ ወዲያ አልተከራከሩኝም። በማርያም ከማለ ልጅ ጋር ምን ክርክር አለ። ነሐሴ ሳይወጣ ይዣቸው ወረድኩ፤ በመንገድ ላይ ያለውን ዳገት እየቆምን፣ ራዲያተሩን ውሃ እያጠጣን፣ እሳቸው የኋላ ወንበር ላይ በጎናቸው ጋደም ብለው እንደ ምንም ደረስን።

መመለሱን ብቻዬን አየሁት። ከወልድያ ወደ ድልብ የሚወጣው ዳገት ላይ፣ ባዶዋን፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ደጋግማ ፈላችብኝ። ማገዶ የተሸከመች ሴትዮ በጎኔ አልፋኝ ስትሄድ ዘወር ብላ "በርታ!" አለችኝ። ስታስቅ። ግን ያን ቀን መሪውን ይዤ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባዶዋን እንዲህ ከሆነች አባቴን ጭና እንዴት ትወጣለች? በሚኒባስ ለምን አላመጣሃቸውም የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አባቴ ተጨናንቀው ተቀምጠው መተንፈስ አይችሉም ነበር። መጋደም፣ በየመንገዱ ወርደው ማረፍ ይፈልጋሉ። ያንን የሚታገሥ ሾፌር ካለ አሳዩኝና ልሳለመው።

ከተማችን መውጫ ላይ፣ በቆርቆሮ በታጠረች ቦታ መኪና የሚጠግን አብሮ አደግ አለኝ። ነገሩን ሳጫውተው እጁን በጨርቅ እየጠረገ "የሷ ችግር ነዳጅ አይደለም፣ አየር ነው" አለ። "እዚህ አየሩ ስስ ነው። በግድ የሚያስገባላት ነገር ከተገኘ ትወጣለች።" ቱርቦ ማለቱ ነበር። ቱርቦ ቀንድ አውጣ የመሰለ ብረት ነው፤ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ያሽከረክረዋል፣ እሱም ሲሽከረከር ከውጭ አየር እየሳበ ሞተሩ ውስጥ ይነፋል። አዲሱን ማሰብ ለኔ ቢጤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከገነተ ማርያም ወዲያ ገደል ከገባ የጭነት መኪና የተፈታ ግን አገኘን፤ ባለቤቱ ከቁራጭ ብረት ጋር ሊሸጠው አስቀምጦት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ልመና፣ ብየዳና ስርቆት ነው። ስርቆት ያልኩት የባለቤቴን ድስት ነው። አየሩ ወደ ሞተሩ ሲነፋ ቤንዚንና አየር በሚደባለቁበት በካርቡራተሩ አፍ በኩል እንዳያመልጥ የሚከድነው ነገር አስፈለገ። የጓዳችን ወፍራም የአሉሚኒየም ድስት ልኩ ሆኖ ተገኘ። እሷ ደግሞ የማኅበሩን ወጥ ልትሠራበት ያሰበችው ይህንኑ ድስት ነው። ስታገኘው ግማሹ ተቆርጦ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል። "ድስቴን መኪና በላው ብዬ ለማን ልንገር?" ብላ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። ለአባቴ ባይሆን ኖሮ መኪናዋን በድንጋይ ትሰባብራት ነበር።

አብሮ አደጌ ኔትወርክ በነበረ ጊዜ ስልኩ ላይ የጫነው ቪዲዮ ነበረው። አንድ ፈረንጅ የኛን የመሰለች አሮጌ ትንሽ መኪና ላይ ቱርቦ ሲገጥም ያሳያል። ቋንቋው አልገባንም፣ እጁ ግን ይገባናል። ከጀርባው ባሕር ይታያል። ቱርቦው ላይ ግፊት ሲበዛ በራሷ ተከፍታ ትርፉን የምታስወጣ ትንሽ በር አለች፤ ሰውዬው እሷን ነካ ነካ አድርጎ ተዋት። አብሮ አደጌ ቪዲዮውን አቆመና ባሕሩን በጣቱ እየነካ "እሱ ታች ነው፣ እኛ ሰማይ ጥግ ነን። የሱ በር በምትከፈትበት ግፊት ላይ እኛ ገና ምንም አልነፋንም" አለ። በሯን እንዳትከፈት በሽቦ ጠፍሮ አሰራት። ትክክል ነበር። ለቆምንበት መሬት ትክክል ነበር።

የሞከርናት በአሸተን መንገድ፣ መኪና እስከሚደርስበት ድረስ ነው። ሁለታችንንና ሁለት ጆንያ ድንጋይ ይዛ ወጣች። ወጣች ስል እንደ ሌላው ቀን ማለቴ አይደለም፤ እያፏጨች፣ ወደ ወንበሩ እየለጠፈችን ነው የወጣችው። ከተራራው ይወርዱ የነበሩ አንድ አረጋዊ ቄስ መንገድ ለቀው ቆሙና "ምን አበላሃት ልጄ?" አሉኝ። "አየር አባቴ!" ብዬ ጮህኩ። መስቀላቸውን አውጥተው እኔንም አሳለሙኝ፣ ኮፈኑንም ባረኩት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። እኔ ያን ቀን ከመሳቅም አልፌ አለቀስኩ።

ጥቅምት ሃያ አንድ ጽዋዋን በአባቴ ስም ተቀበልኩ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ማለት ነው፣ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ሲያስረክቡኝ "የምንሰጠው ለአባትህ ነው፣ አንተ እጃቸው ነህ" አሉኝ። እንዳትወድቅብኝ በሁለት እጄ አቅፌያት ወደ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ ጠላውን ጠመቀች። መንገዱ ግን ተዘጋ። አንድ ቀን ተከፈተ ይባላል፣ በማግሥቱ ተዘጋ ይባላል፤ እኔ ማለዳ ማለዳ መናኸሪያ እየሄድኩ የመጣ መኪና ካለ እጠይቃለሁ። ተከፈተ የተባለው በዓሉ በጣም ሲቀርብ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን የቻልኩትን ያህል ለቃቅሜ ወረድኩ። ባዶዋን ነበረች፣ አብዛኛውም ቁልቁለት ነበር፤ ዘፈን ከፍቼ ነው የሄድኩት።

አባቴን ያገኘኋቸው ከእህቴ ደጅ፣ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ተቀምጠው፣ ያውም ቀጥ ብለው፣ ከእህቴ ጎረቤት ጋር እየተጫወቱ። ጎረቤቷ ጨው የሚነግዱ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለቱ በእርሻና በዝናብ ወሬ ተወዳጅተዋል። የአባቴ ፊት ሞልቷል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ ጨርሰው ተናገሩ። ይህን ካየሁ ስንት ጊዜዬ!

"እዚህ አየሩ እንደ ጉሽ ጠላ ወፍራም ነው ልጄ፤ ይጠጣል" አሉኝ።

እህቴ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝ። "አትውሰዳቸው" አለችኝ። "ሌሊት ይተኛሉ። ምግብ ይበላሉ። እዚያ ወስደህ ልትገድላቸው ነው? ማኅበር እኮ በሰው ይወከላል።" እውነቷን ነበር፤ እኔም ልቤ ወላወለ። ወጥቼ "አባዬ፣ ካልሆነ በዓሉን እኔ በስምዎ ባወጣውስ?" አልኳቸው።

"እዚህ እተነፍሳለሁ" አሉ። "እተነፍስና ምን አደርጋለሁ? እንደሚቀለብ ከብት ተቀምጬ መተንፈስ ብቻ? አንድ ቀን፣ በደጄ፣ ሰዎቼን 'ኑ ግቡ' ልበል። ከዚያ ብትፈልግ መልሰህ አምጣኝ።"

እህቴ ሄዳ የኋላውን ወንበር በትራስ ሞላችው። ጎረቤትየው የአባቴን እጅ ይዘው "አብሽሩ፣ በሰላም ደርሳችሁ በሰላም ተመለሱ። እኔም ዱዓ አደርጋለሁ" አሉ። ቀኑ የበዓሉ ዋዜማ ነበር። በማለዳ ብንነሣም ፀሐዩ ከወዲሁ ማቃጠል ጀምሯል።

የአላውሃን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ነዳጁን ረገጥ አደረግኩ። ቱርቦው አፏጨ። መኪናዋ አሸተን ላይ እንደሞከርናት ቀን፣ እንዲያውም ከዚያም በላይ ተወነጨፈች። አባቴ ከኋላ "እሰይ!" አሉ። ወዲያው ሞተሩ ውስጥ ጠጠር በጣሳ የሚንቀጫቀጥ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ዳገቱ ነው፣ ያልፋል አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም እግሬን አላነሣሁም። ድምፁ በረታ፣ ከዚያ አንድ ነገር ድው አለ፣ ነጭ ጭስ መስታወቱን ሸፈነው፣ ቆመች። ድልብ ገና ሩቅ ነው። ወልድያን እንኳ አላየንም።

"ደከማት?" አሉ አባቴ።

"ትንሽ ትረፍ" አልኩ። ኮፈኑን ስከፍት ዘይቱ የድስቱን ክዳን አልፎ ሁሉን ነገር አልብሶታል። እንደማትነሣ አውቄያለሁ። ግን እያወቅሁ ካንዴላ ፈትቼ መለስኩ፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ቁልፉን ደጋግሜ አዞርኩ። ለማን እንደማስመስል አላውቅም። አባቴ ዓይናቸው ጤነኛ ነው፣ ሁሉን ያያሉ።

ወደ ላይ የሚሄድ መኪና እጄን እየዘረጋሁ ስለምን ዋልኩ። መንገዱ ስለተከፈተ ሁሉም ጢም ብሎ ሞልቷል። ከቀትር በኋላ አንድ ሚኒባስ አዘነልንና ቆመ፤ ሰዎች ተጠጋግተው ለአባቴ ቦታ አስለቀቁላቸው። ገቡ። ጉልበታቸው ከፊት ወንበር ተጣብቆ፣ ግራና ቀኝ ትከሻ ይዟቸው ተቀመጡ። ሚኒባሱ ሳይነሣ ከንፈራቸው ተለወጠ። የሚሞቱ መሰለኝ። ራሳቸው ናቸው በሩን እየዳበሱ "አውርዱኝ" ያሉት። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጀርባቸውን እያሸሁ ሳለሁ ሚኒባሱ ከኩርባው ወዲያ ተሰወረ።

ትንፋሻቸው ሲመለስ ወደ ተራራው አዩ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ለሰው ሲራሩ እንኳ በማያወጡት ለስላሳ ድምፅ "በቃ፤ መልሰኝ" አሉ። ወደ ታች የሚወርድ ባጃጅ አግኝቼ፣ ከኋላ ጋደም አድርጌያቸው፣ ራሳቸውን ጭኔ ላይ ይዤ መለስኳቸው። መኪናዋን ማታ በሰው አስገፍተን እህቴ ግቢ አስገባናት።

በማግሥቱ፣ በበዓሉ ቀን፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ከኒሙ ሥር ተቀመጡ። ቀትር ሲያልፍ ለብቻቸው እንደሚያወሩ ሰማሁና ጠጋ አልኩ። "አሁን ሙሴው ጸሎት አደረሱ" ይላሉ። "አሁን ዳቦው ተቆረሰ። አሁን ጠላው ተቀዳ።" ትንፋሽ ሰበሰቡ። "አሁን እኔን ጠየቁ።" እዚያ ላይ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ራሴን ጠልቼ አላውቅም። ባለቤቴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሙሴው የአባቴን ቦታ ባዶ አስቀርተው ዋንጫቸውን አስቀድተውላቸው ነበር። ማንም ሳይጠጣው አደረ።

የእህቴ ከተማ መካኒክ ሞተሩን ሲከፍተው አንዱ ፒስተን አናቱ ላይ ቀልጦ ተበስቷል። እሱን ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬ፣ አባቴን "ለገና መጥቼ እወስድዎታለሁ" ብዬ፣ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ወጣሁ። አብሮ አደጌ ፒስተኑን መዳፉ ላይ አገላበጠው። ቀዳዳውን በትንሽ ጣቱ ነካው። "ቆላውን ረሳነው" አለ። እዚህ ስስ አየር ላይ ያሰርነው በር፣ እዚያ ወፍራሙንና ትኩሱን አየር ያለ ልክ ሞተሩ ውስጥ ጠቅጥቆት ነበር። ለደጋ ብለን የነፋነው ቆላ ላይ እንደሚበዛባት አንዳችንም አላሰብንም፤ ስንሞክራት ሁሉ ሽቅብ እንጂ ቁልቁል ወርደን አናውቅም። ድሮ ቢሆን አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ እንግዳ ላመጣ እወርድ ነበር፣ እዚያው ያ የጠጠር ድምፅ ያስጠነቅቀኝ ነበር። እንግዳ የለም፣ መውረድም አልነበረም።

"እዚያ ስትደርስ ሽቦውን ላላ ብታደርገው ኖሮ እኮ…" ብሎ ጀመረ።

"ዝም በል" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ቱርቦ የሚል ቃል በመካከላችን ተነሥቶ አያውቅም።

የምትሆን ፒስተን አልጠፋችም። መንገዱ ጠፋ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ስልኩ ሲሠራ እደውላለሁ፤ እህቴ "ደህና ናቸው፣ ትንሽ ደክመዋል" ትላለች። ከዚያ ስልኩም ጠፋ። ስልኩ በተመለሰ ቀን የደወለልኝ የማላውቀው ቁጥር ነበር፤ የጎረቤትየው ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት "አብሽር ልጄ" ሲሉኝ ነው። አባቴ ከተቀበሩ ሰንብተዋል። ሙቀቱ አያቆይም፣ መንገዱ አያደርስም፤ እዚያው ካለችው ቤተ ክርስቲያን ቀበሯቸው። እናቴ ተራራው ሥር፣ እሳቸው ቆላ። በዚያው ወር ማኅበሩ በአባቴ ቦታ ተካኝ። ሙሴው ጽዋዋን ሲያቀምሱኝ አንገቴን ደፍቼ ጠጣሁ።

መቃብሩን ያየሁት ከፋሲካ በኋላ፣ መንገዱ ሲከፈት ነው። ያችን ፒስተን በከረጢት ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኳት አላውቅም። አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እህቴ ከጎኔ ቆማ፣ ሳታየኝ ነገረችኝ።

"ከዚያ ቀን ወዲህ በደንብ አልተነሡም። ማለዳ ማለዳ 'መኪናዋ ተሠራች ወይ?' ይሉኛል። እኔም 'ተሠራች፣ መንገድ ላይ ነው' እላቸዋለሁ። ምን ልበል? የመጨረሻው ቀን 'ጫማዬን አድርጊልኝ' አሉ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አድርገው በሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ። መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር።"

ትንፋሽ ያጠረኝ መስሎኝ አየር ሳብኩ፤ ያለ ምንም ችግር እስከ ሆዴ ድረስ ገባ። ለአባቴ የሚበቃ አየር እዚያ ሞልቶ ነበር። እሳቸው ግን ጫማቸውን አድርገው የጠበቁት እኔን ነው።